የበሩ አባወራ

«ማነው?» ትላለች የልጅ ልጄ ከብረት በሩ ጀርባ ቆማ፣ አገጯን ደረቷ ላይ ቀብራ፣ ድምጿን አወፍራ።

እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ የወላለቀ ወንበር አጠብቃለሁ። እናቷ ሥራ ናት።

ይህን ድምፅ መጀመሪያ ያወጣችው በዘጠኝ ዓመቷ ነው። አንድ ሰካራም በሩን ይደበድብ ነበር። አባቷ ከሄደ ቆይቷል፤ የእኔ ድምፅ ደግሞ ድመት አያባርርም። ሰካራሙ የእሷን ሰምቶ ይቅርታ ጠይቆ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን አባወራ አለው። አሁን አስራ አራት ሞልቷታል።

«ጋሼ፣ የልጅዎ የክፍል ጓደኞች ነን» ይላል ከውጭ የሴት ልጅ ድምፅ። «ዛሬ እኛ ቤት ፀጉር ልንሠራራ ነው። ይፈቅዱላታል?»

የልጅ ልጄ ወደ እኔ ትዞራለች። እጇ ሳታውቀው አጭር ፀጉሯ ላይ ወጥቷል።

«አያቴ፣ የለችም ልበላቸው?» ትለኛለች በሹክሹክታ።

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? አባወራው አንቺ ነሽ።»

በዓይኗ ትገላምጠኝና ጉሮሮዋን ትጠርጋለች።

«ስንት ናችሁ?»

«አራት ነን፣ ጋሼ። ሁላችንም ሴቶች።»

«በስንት ሰዓት ትመልሷታላችሁ?»

«አስራ አንድ ሳይሞላ። እዚሁ በር ድረስ እናደርሳታለን።»

አሁን ትከፍታለች ብዬ እጠብቃለሁ። አትከፍትም። ግንባሯን የበሩ ብረት ላይ ታስደግፋለች።

«እሷ የፀጉር ነገር ምን ታውቃለች?» ድምፁ እንደወፈረ ነው። «ለምን ፈለጋችኋት?»

ከውጭ አንዷ ሌላዋን ስትጎሽም ይሰማኛል።

«እውነቱን ልንገርዎት፣ ምንም አታውቅም» ትላለች ልጅቷ። የቀሩት ይንከተከታሉ። «እናሳያታለን። ወንዶቹ ሲያስቸግሩን መሀል የምትገባልን እሷ ናት፣ ጋሼ። ከዚያ ብቻዋን ትሄዳለች። አንድ ቀን እንኳን አብራን ተቀምጣ አታውቅም። እኛ ደግሞ እንወዳታለን።»

የልጅ ልጄ አፏን ትከፍታለች። ወፍራሙ ድምፅ አይመጣም። ደግማ ትሞክራለች።

«መጣሁ» ትላለች በቀጭኑ፣ በራሷ።

«ውይ፣ አለሽ እንዴ! አባትሽ ፈቀዱ?»

«ፈቅዷል» ትላለች፣ መወርወሪያውን እየሳበች።

ተነስቼ እስከ በሩ እሄዳለሁ። አራቱ መሀል አስገብተዋታል። አንዷ ገና መንገድ ላይ ሳሉ አጭሩን ፀጉር በሁለት ጣቷ ይዛ ርዝመቱን ትለካለች። የልጅ ልጄም እንዲመቻት አንገቷን ዘንበል አድርጋላት ትራመዳለች።