የባለሙያው ጥቅል

የእህቱ ባል የተረፈውን የኤክስቴንሽን ገመድ ከመዳፉ ወደ ክርኑ እያዞረ ሲጠመጥም አይቶ የድምፅ ባለሙያው ገላመጠው። እህቱ ከስንት ወንድ መርጣ ያመጣችው ይህንን ነው። «እንዲህ እያጠማዘዝክ ውስጡን ትበጥሰዋለህ» አለው። «እሺ ጋሼ» አለ አማቹ፤ ግን ጠምጥሞ ጨረሰ።

አዳራሹ ሞልቷል፤ እህቱም ንግግሯን ይዛ መድረኩ ላይ ቆማ መብራት ተስቦ ማይኩ እስኪሠራ ትጠብቃለች። ባለሙያው የራሱን የገመድ ጥቅል ከትከሻው አወረደ። አንዱን ዙር ከላይ፣ ቀጣዩን ገልብጦ ከታች እያደረገ የሰበሰበው ነው፤ ሲወረወር ሳይጠማዘዝ ቀጥ ብሎ ይዘረጋል። ሙያ በልብ ነው የሚሉት እጅ የሌላቸው ናቸው ብሎ ያምናል። «እይና ተማር» አለና አንዱን ጫፍ ይዞ በሰው ሁሉ ፊት ወረወረው።

ገመዱ መንገድ ላይ ቀረ። ቢጎትተው ቋጠሮ፣ ደግሞ ቢጎትተው ሌላ ቋጠሮ፤ እንደ መቁጠሪያ ተደርድሮ መጣለት። እንዲህ የሚጠቀልል ሰው ከመወርወሩ በፊት ስፒናው በዙሮቹ መሃል አለመሹለኩን ያያል። እሱ አላየም። ከኋላ ወንበር አንዱ ሳል የመሰለ ሳቅ ሳቀ።

አማቹ ያን በክርኑ የጠመጠመውን ዘረጋ። ገመዱ መሬት ለመሬት እንደ እባብ እየተጠማዘዘ መድረኩ ደረሰ፤ ማይኩ ሠራና የሚስቱ ድምፅ አዳራሹን ሞላው። ከዚያ አማቹ ተመልሶ መጣና ባለሙያው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ከወዲያኛው ጫፍ ቋጠሮውን መፍታት ጀመረ። ባለሙያው ፊቱ ላይ ፌዝ ፈለገበት፤ አጣ። የባሰው ይሄ ነበር።

«ቀስ በል» አለው አማቹን፤ «ውስጡን ትበጥሰዋለህ።»