ማርሚታው ላይ የቀረው

ቬርነን የአሉሚኒየም ፎይል አቼቶ ውስጥ እየነከረ የሞተር ሳይክሉን የጭስ ማውጫ፣ ማርሚታውን፣ ያሻል። ነገ ቄሱ ሞተሮችን የሚባርኩበት የጸደይ እሑድ ነው፤ በረዶው እስኪያልፍ ጋራዥ የከረመው ክሮም ደግሞ ዝጓል።

ወንድሙ ክላይድ ማርሚታው ላይ የተጣበቀ ጥቁር ነገር አይቶ ምላጭ አነሳ። «አንተ ሽማግሌ፣ ዓይንህ ፈዘዘ እንዴ? ትልቁን እኮ ዘለልከው!»

ቬርነን እጁን ያዘው። «ተው። እሱ ዝገት አይደለም፤ የዶሪን ጫማ ነው።»

ክላይድ ምላጩን አስቀመጠ። ዶሪን ከባሏ ከቬርነን ኋላ ተፈናጣ በሄደች ቁጥር እግሯን የጋለው ማርሚታ ላይ እያሳረፈች ሶሏን ታቀልጠው ነበር። እሱም «እግርሽን አንሺ አላልኩሽም?» እያለ ዕድሜ ልኩን ሲቆጣት ኖሯል። ከቀብሯ ወዲህ ሞተሩን አስነስቶት አያውቅም።

ቬርነን የጥቁሩን ዙሪያ በጣቱ ጫፍ ቀስ ብሎ አጸዳ። ከዚያ መዳፉን በቀዝቃዛው ሶል ላይ አሳረፈና፣ «ግድ የለም» አለ፤ «አታንሺው።»