ጥርሳሙ ክብ

የአባቷ መቃብር ያለበት ጉብታ አገሩን በሙሉ በያዘው ካርታ ላይ አይታይም። የካርታ ቢሮ አለቃዋ ለዚህ ነው ቦታውን «ሜዳ» ብሎ የመደበው። ዶዘሩም ካርታውን አምኖ ጉብታውን ከነመቃብሩ ጠራርጎት ሄደ።

«የኔ እህት፣ በዚህ ስኬል ካልታየ፣ ነገሩ የለም ማለት ነው» አላት አለቃዋ እየሳቀ።

እሷ ቂሟን በሆዷ ቋጠረች። የአለቃዋን ሰፈር ቤት ለቤት አጉልቶ የሚያሳየው ካርታ ለእርማት እጇ የገባ ቀን፣ ቤቱን በቀጭን ክብ ከበበችና ለክቡ ወደ ውስጥ ትንንሽ ጥርስ አወጣችለት። በካርታ ሙያ ይህ የጉድጓድ ምልክት ነው።

በማግስቱ አለቃዋ ፊቱ ገርጥቶ ገባ። «ጉድ እኮ ነው! የልጄን ኳስ የትም ብታስቀምጪው ተንከባሎ ሳሎኑ መሀል ይቆማል።»

«ወለሉ ይሆናላ፣ ጋሼ» አለችውና ከሰዓት ሌላ ክብ ጨመረች። እናቷ ስለ ጉድጓድ የምትተርተውን ታውቃለች፤ ቂም ግን ጆሮ የለውም።

ሦስተኛውን ክብ በሳለች ማግስት አለቃዋ ከሥራ ቀረ፤ ስልኩም አይጠራም። ፈገግታዋን እየደበቀች፣ የሱም ቤት እዚያ ላይ አለመታየቱን ልታይ አገሩን በሙሉ የያዘውን ካርታ ከመደርደሪያ አውርዳ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋችው። በዚህ ካርታ ላይ አንዲት መስመር እንኳ ስላ አታውቅም፤ እዚህ ላይ ለመታየት ደግሞ አንድ ነገር ከተማ የሚያህል መሆን አለበት።

ጥርሳሙ ክብ እዚያም አለ። የአለቃዋን ሰፈር፣ የእናቷን ቤት፣ ይህን ቢሮ ሁሉ ውስጡ አስገብቷል።

ጠረጴዛው ላይ የነበረው እርሳስ ማንም ሳይነካው ወደ አለቃዋ ሰፈር አቅጣጫ መንከባለል ጀመረ።