ያጎነበሱ ማኅተሞች

በጃፓን፣ በማትሱዬ ከተማ ካለ አንድ ሆስፒታል፣ ጽንስ የጨነገፈባቸው ሴቶች ስም ከኮምፒውተር ወጥቶ ተሸጠ። ሴቶቹ ገና ከአልጋቸው ሳይነሱ፣ ለሞተ ጽንስ መታሰቢያ የሚሆን ትንሽ የድንጋይ ሐውልት የሚሸጥ ነጋዴ ይደውልላቸው ጀመር። «ለእናንተ በቅናሽ ነው» ይላቸዋል። በእንዲህ ያለ ነገርም እንጀራ የሚበላ ሰው አለ።

የሆስፒታሉ ሕግ ጥብቅ ነበር። የሕሙማንን መረጃ መቅዳት የፈለገ ሠራተኛ በወረቀት ጠይቆ ማኅተሙን ያሳርፋል። የክፍል ኃላፊው፣ ምክትል ዳይሬክተሩና ዳይሬክተሩ ተራ በተራ ማኅተማቸውን ካላሳረፉበት አይፈቀድለትም። ሌባ ከውስጥ እንዳይነሣ የወጣ ሕግ ነው።

ማኅተም አመታቱም ወግ አለው። የበታች ማኅተም ወደ አለቃው ማኅተም ዘመም ይላል፤ እጅ እንደ መንሣት ነው። ቀጥ ብሎ ከቆመ ንቀት ነው፣ ወረቀቱ ይመለሳል።

ጥርጣሬው ያረፈው በሳቶዬ ኪኡቺ ላይ ነው። ባሏ የሞተባት፣ አንዲት ልጅ የምታሳድግ የኮንትራት ሠራተኛ ናት። የኮምፒውተሮቹን ክፍል ቁልፍ የምትይዘው እሷ ነበረች። ኮንትራቷ የሚታደሰው ዓርብ ነው፤ ካልታደሰ የልጅቷ ትምህርት ያከትማል።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ የክፍል ኃላፊው አቶ ቶኩራ አስጠሯት። የኮምፒውተር መረብ ባለሙያው ኤቢናም አጠገባቸው ቆሟል።

«ልጅሽ አዲስ ብስክሌት ይዛለች አሉ፣ እትዬ ኪኡቺ» አላት ኤቢና እየሳቀ።

«የእህቴ ልጅ ትቶላት ነው።»

«አሮጌ ብስክሌት እንዲህ ያብረቀርቃል እንዴ?»

ሳቶዬ ወደ ኃላፊው ዞረች። «የፈቃድ ወረቀቶቹን አይተዋቸዋል፣ አቶ ቶኩራ?»

«አንድ በአንድ ነዋ!» አቶ ቶኩራ የባሕር ዛጎል ሾርባ የነካውን ጣታቸውን ላሱና በዚያው ምራቅ ወረቀቶቹን ገለጡ። «አርባ ሦስት ናቸው። አንድ ማኅተም አልጎደለም፤ አንድ ቀጥ ብሎ የቆመም የለም። የዚህ የኤቢናንማ እይው፣ እንዴት አድርጎ እንዳጎነበሰ! ለአዳዲሶቹ ማስተማሪያ ይሁን ብያለሁ።»

ኤቢና አንገቱን ደፋ። «እኔ ሳይፈቀድልኝ የሠራሁት ነገር የለም፣ ጌታዬ።»

«አየሽ? በወረቀት ካልወጣ በቁልፍ ወጥቷል። ቁልፉ ያለው አንቺ ጋ ነው። በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ ብለሽ ፈርሚና በሰላም እንለያይ። አለዚያ ፖሊስ ይመጣል፤ ልጅሽም ትሰማለች።»

ሳቶዬ ብዕሩን አነሣች። ያስጠላት የሾርባው ሽታ ይሁን የሰዎቹ ፈገግታ አላወቀችም። «ሰው ባያይ ፀሐይ ታያለች» አለች በልቧ፤ ፈረመች።

«በይ እነዚህን በየቀናቸው ደርድሪያቸውና ትሄጃለሽ» አሏት አቶ ቶኩራ፣ ክምሩን እየገፉላት። ከኤቢና ጋር እየተጨዋወቱ ወጡ።

ሥራ አጓድላ አታውቅም። ተቀምጣ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ትደረድር ጀመር። በግንቦት የቀረበ አንድ ወረቀት ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። የኤቢና ማኅተም ለአቶ ቶኩራ፣ የአቶ ቶኩራ ለምክትሉ፣ የምክትሉ ለዳይሬክተሩ አጎንብሰዋል። ከማኅተሞቹ በላይ፣ ምክንያት በሚለው ቦታ፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦

«የሴቶቹን ስም ለሐውልት ነጋዴው ለመሸጥ።»