እንኳን ተገላገልሽ

ሐዘንን በአንድ መርፌ ከነትዝታው ማጥፋት ከተቻለ ወዲህ፣ የተወጋ ሰው እንደ አራስ ይጠየቃል። ዛሬም ጎረቤቱ ሁሉ ገንፎ ይዞ እየመጣ ቤዛዊትን "እንኳን ተገላገልሽ!" ይላታል። ታናሽ እህቷ ምንትዋብ ግን ባዶ እጇን መጣች፤ እልልታውን ሰምታ እንዳልሰማች አልፋ ገባች።

ቤዛዊት ወጥ ቤት ውስጥ እያንጎራጎረች ምድጃውን ትወለውላለች። የያዘችው ጨርቅ ቢጫ ነው፤ በጥቁር ክር የተሰፋች ትንሽ ኪስ አለችው። ቆሎ መያዣ አጣሁ ብላ ያለቀሰችባትን ትንሿን እህታቸውን ኤልዳናን ለማባበል ያችን ኪስ የሰፋችው ራሷ ቤዛዊት ነበረች። ኤልዳናን በሰባት ዓመቷ ጎርፍ ወሰዳት። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ እህትማማቾች ሲከፋቸው ቀሚሷን ከሳጥን አውጥተው፣ እየተቀባበሉ አሽትተው፣ አጥፈው ይመልሷት ነበር።

"እቴቴ፣ በምንድን ነው የምትወለውዪው?"

"በአሮጌ ጨርቅ ነዋ! ቅባት እንዴት እንደሚመጥ ብታዪ!"

"ጎርፍ የወሰዳት የኤልዳና ቀሚስ እኮ ነው!"

ቤዛዊት የማታውቀው ሰው መሞቱን እንደ ሰማች ሁሉ፣ ለወጉ ያህል ከንፈሯን መጠጠች። "ነፍስ ይማር። ጓደኛሽ ነበረች?"

ምንትዋብ የጨርቁን አንድ ጫፍ ይዛ ሳበች፤ ከኪሱ የሽንኩርት ልጣጭና የረጋ ዘይት ወጥቶ ጣቷ ላይ ተለጠፈ። ቤዛዊት ሌላውን ጫፍ እንደያዘች ነበር።

"ልቀቂው!" ብላ ጮኸች ምንትዋብ።

"በጎርፉ መሐል እጇን ለቀቅኩት" እያለች ሃያ ዓመት ሙሉ ራሷን ስትረግም የኖረችው ቤዛዊት፣ "ለዚህ ነው እንዴ?" ብላ እየሳቀች ለቀቀችው።