የማርያም ማንጎ

«ሙላት! ኧረ አንተ ሙላት፣ ወዴት ነህ?»

ሙላት ሙዙ ሥር ጋቢውን ተከናንቦ ቁጢጥ ብሏል። ሰፊው የሙዝ ቅጠል ራሱንና ትከሻውን ሸፍኖለታል፤ የቀረው ሙላት ግን ከነፕላስቲክ ጫማው ለመርሳ ከተማ ሰው ሁሉ ይታያል። የነፍስ አባቱ መምሬ ደጀን ከአጥሩ በር ቆመው በመቋሚያቸው መሬቱን ቆርቆር ያደርጋሉ።

የተደበቀው በከንቱ አይደለም። የእሱና የሚስቱ የአማከለች የአጥር ጎረቤት ኑሪያ ከግራና ከተማ አምጥታ የሰጠቻቸው የማንጎ ችግኝ ዘንድሮ ገና ማፍራቱ ነው። አበባውን ንፋስ አራግፎት አንዲት ፍሬ ብቻ ቀረች። ያቺ ፍሬ ደግሞ ባለቤት አላት። ልጃቸው ሜላት ወልድያ ላይ ምጥ ጠንቶባት ሳለ እናቷ አማከለች ግንዱን ይዛ፣ «ልጄን ገላግይልኝ እንጂ የመጀመሪያዋ ፍሬ ያንቺ ናት እመቤቴ» ብላ ተስላለች። ሜላት በሰላም ተገላገለች። ማንጎዋም በሰለች። ነገ ማርያም ናት፤ መምሬ ዛሬ ሊባርኳት፣ ነገ አማከለች ቤተ ክርስቲያን ልትወስዳት ነበር።

«የፈለግኸውን ብላ፤ ፓፓያው አለልህ፣ ሙዙ አለልህ፣ ዘይቱኑ አለልህ። ይቺን ግን እንዳትነካብኝ» ብላው ነበር። ባትለው ይሻል ነበር። ሙላት ማንጎ ያን ያህል አይወድም፤ ከዚያች ቀን ወዲህ ግን ጠዋት ከቤት ሲወጣ ዐይኑ ቀድሞ የሚያርፈው እሷ ላይ ሆነ።

ዛሬ ረፋዱ ላይ ቆረጣት። በልቶ ዝም ቢል እንኳ አንድ ነገር ነው፤ ግን ሰውዬው የጣፈጠ ነገር ብቻውን መዋጥ አልፈጠረበትም። አማከለች ገንዳው ላይ አጎንብሳ ልብስ ስታጥብ ከኋላዋ መጣና «አማኬ፣ አፍሽን ክፈቺ» አላት። ከተጋቡ ጀምሮ ከእጁ የመጣ ጉርሻ ምን እንደሆነ ጠይቃ አታውቅም። ከፈተች። የገባት ከዋጠችው በኋላ ነው። ቀና ብላ ዛፉን አየች፤ ከዚያ እሱን አየች፤ ይሄኔ መምሬ ከበሩ ተጣሩ፤ ሙላትም ሮጦ ሙዙ ሥር ገባ።

«ሙላት! እያየሁህ እኮ ነው!»

ወጣ። ጋቢው ላይ የሙዝ ቅጠል ቁራጭ ተለጥፎበታል።

«እዚያ ምን ትሠራለህ?»

«ሙዙን… ሙዙን እያየሁት ነበር፣ አባቴ።»

«አዳም እንኳ ሲደበቅ ዕራቁቱን ነበር፣ ምክንያት ነበረው። አንተ ጋቢ ለብሰህ ምን ሆንኩ ብለህ ነው?» ብለው ሳቁና ወደ ዛፉ ቀና አሉ። ሳቃቸው ቆመ። «የእመቤቴ ፍሬስ?»

«ጦጣ በላት።»

«ጦጣ።» መምሬ ጠጋ ብለው አዩት። «ጦጣው ጢም አለው?»

ሙላት ጢሙን ዳበሰው። ጣቱ ተጣበቀ። የማንጎው ክር አሁንም ከጥርሱ መሀል አልወጣም።

አማከለች እጇን በቀሚሷ እያደረቀች ገንዳው አጠገብ ቆማለች። ሙላት ሰረቅ አድርጎ አያት። ፈገግ ብትልለት ኖሮ እሱም ስቆ «እኔ ነኝ፣ ሆዴ ነው» ይል ነበር። ፈገግ አላለችም። መምሬ ይጠብቃሉ። ምላሱ ቀደመው።

«ይቺ… አንቱ ያጋቡኝ ሴት ናት፣ አባቴ። እሷ ሰጠችኝ፤ በላሁ።»

ከአስፋልቱ በኩል ወደ ወልድያ የሚወጣ አውቶቡስ ጥሩንባውን እያስጮኸ አለፈ። ሙላት ጩኸቱ ባያልቅ ወደደ። ይህን ሁሉ ዘመን አማኬ ያላትን ሚስቱን «ይቺ ሴት» ሲል ገና አሁን ጆሮው ሰማው።

«እውነት ነው አማከለች?» አሉ መምሬ።

አማከለች ባሏን አየችው። በቁጣ ቢሆን ያውቀዋል፤ ቁጣዋን ለምዶታል፣ እንዲያውም ይወደዋል። አሁን ግን ያየችው ገበያ መሀል ከማያውቁት ሰው ጋር ዐይን ለዐይን ሲጋጠሙ እንደሚያዩት ነው፤ አየችውና አለፈችው።

«በልቻለሁ አባቴ» አለች።

መምሬ በረጅሙ ተነፈሱ። «እንግዲህ ቀኖናሽ ስግደት ነው። ነገ የተገኘውን ይዘሽ ነይ፤ እመቤቴ አትቀየምም።» ለሙላትም አንድ ነገር ሊሉት ዞር ብለው ነበር። ጢሙን አይተው ተዉት። መቋሚያቸውን እየተመረኮዙ ሄዱ።

«አማኬ» አለ ሙላት በሩ እንደተዘጋ። «ደንግጬ እኮ ነው። ነገ አብሬሽ ሄጄ እውነቱን እነግራቸዋለሁ። እሺ?»

«ምሳ ላቅርብልህ?» አለችው።

እነሱ ቤት ምሳ ማለት አንዲት ትሪ ናት። ሜላት አድጋ ከሄደች ወዲህ ትሪዋ ሰፋቻቸው እንጂ ሁለት ሆና አታውቅም። ዛሬ አማከለች በሳህን አመጣችለት። ሽሮው በአንድ በኩል፣ የተጠቀለለው እንጀራ በሌላው። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና እጁን አስታጥባው ወጣች።

ሙላት ተቀመጠ። እንጀራውን ዘረጋ፣ ቆረሰ፣ ሽሮውን ጠቀለለ። የመጀመሪያዋ ጉርሻ ሁልጊዜ የእሷ ናት፤ ሁልጊዜም ከልክ በላይ ያገዝፋታል፤ እሷም ሁልጊዜ «ልታንቀኝ ነው ወይ!» ትለዋለች። እጁ እንደለመደው በጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ።

ፊት ለፊቱ ያለው ወንበር ባዶ ነው።

«አማከለች! ወዴት ነሽ?»

«እዚሁ ነኝ» አለች።

ድምፅዋ ቅርብ ነው፤ ከግድግዳው ወዲያ ከጓሮ። ቀጥሎ የሌላ ሳህን ኮሽታ ተሰማ። ሽሮው ከጣቶቹ መሀል እየሾለከ ወደ እጁ አንጓ ወረደ፤ ሙላት ግን የዘረጋውን እጅ ወዴት እንደሚመልሰው አላወቀም።