ቁልፉን ከፍተህ ትጠብቃለህ

ሌባው ሞተሯ አልነሳ ስትለው ሰው ነቅቶበት ይቀጠቀጥ ጀመር። ባለሞተሩ፣ ለሰፈሩ እንግዳ፣ ግማሽ ጭንቅላቱን እንደተላጨ ከፀጉር ቤት ሮጦ መጣ። ያናደደው ግን ስርቆቱ አልነበረም።

«እንዴት ነው ልታስነሳት የሞከርከው?» አለና አፍንጫውን በቦክስ አለው።

«ነዳጅ እየሰጠሁ፣ ጋሼ።»

«ይቺ ነዳጇን ራሷ የምትረጭ ኢንጀክሽን ናት፣ አንተ ከብት። ቁልፉን ከፍተህ ፓምፑ ዝዝዝ ብሎ ዝም እስኪል ትጠብቃለህ። ከዚያ ነዳጅ ሳትሰጥ የማስነሻ በተኗን ብቻ ትጫናለህ። ስታጠፋትም ትንሽ አሳርፈህ፣ ቁልፉን ዘግተህ ትነቅላለህ።» በየመሀሉ ጥፊ ያቀምሰዋል።

«እርስዎ ነቅለው ቢሄዱ መች እነካት ነበር?»

ለዚህች ደግሞ በእርግጫ ጎኑን አገኘው። «ልቀቁት። በል ውጣና አስነስተህ አሳየኝ።»

ሌባው ደሙን በእጅጌው ጠርጎ ወጣ። ቁልፉን ከፈተ፣ ፓምፑን ጠበቀ፣ ተጫነ። ሞተሯ ሳትንተባተብ ተነሳች።

«አየህ?» አለ ባለሞተሩ ኮራ ብሎ።

ሌባው ማርሽ አስገብቶ ሰዉን ሰንጥቆ ተፈተለከ።

ሰዉ ሁሉ ወደ ባለሞተሩ ዞረ።

«አስተምሮ ላከው እኮ» አለች አንዷ ሽንኩርት ሻጭ።

«ኧረ ሞተሯ የኔ ናት።»

«ያኛውም ስንይዘው እንደዚሁ ነው ያለን» አለ አንዱ ጎረምሳ፣ ድንጋይ እያነሳ።